የሁለት ሐይቅ ስቱዲዮ ነፃ ለቀስተኞች

ሥራ የጀመርኩት የአንድ ቤተሰብ ሙሉ የክርስትና ፎቶ በማቃጠል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ማትሪክ ስላልመጣልኝ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር በነበረው ሁለት ሐይቅ ፎቶ ቤት በላብራቶሪ ረዳትነት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ልምሰል ብዬ፣ የጥቁር ክፍሉን በር ከፍቼ "ጋሽ ወርቅነህ፣ ሻይ ላምጣልዎ?" አልኩ። ፊልሙ ገና ገንዳው ውስጥ ነበር። በሩን መልሼ ስዘጋው ሕፃኑም፣ ክርስትና አባቱም፣ ቄሱም ጠፍተዋል።

ጋሽ ወርቅነህ የቤቱ መሥራች፣ ባለቤት፣ ፎቶ አንሺና ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። ከደሴ ለሦስት ወር ሥራ መጥተው ሠላሳ ዓመት የቆዩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም። እጃቸውን በፎጣ ጠረጉና "ቤታቸውን አሳይሻለሁ፤ ሂጂና ንገሪያቸው" አሉኝ።

"እኔ?"

"ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። 'አቃጠልኩት' በያቸው። 'ማሽኑ ነው' ካልሽ ግን ነገ እንዳትመጪ።"

ሄጄ ነገርኳቸው። እናትየው ትንሽ አለቀሰች፣ አባትየው ትንሽ ተሳደበ። በሳምንቱ ያንኑ ልብስ ለብሰው፣ ሕፃኑን አጣጥበው መጡ፤ ጋሽ ወርቅነህም በነፃ አነሷቸው። የኬሚካል አደባለቅ የተማርኩት በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙያው ቀስ እያለ ገባኝ። ፊልም ማጠብ፣ ማተም፣ ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ የፊት ጠባሳ ማጥፋት። የማትሪክ ተፈታኝ፣ የመታወቂያ ፈላጊ፣ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይነሳል፤ እንጀራችን እሱ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ጋሽ ወርቅነህ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ የቪዲዮ ካሜራና ሁለት የካሴት ዴክ ገዙ። ካሜራውን ሳሙኤል የሚባል፣ ሲናገር የማይቸኩል ልጅ ያዘው። ዴኮቹን እኔ ያዝኩ።

ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠሩ ወጣቶች ላስረዳ። ያኔ ኤዲቲንግ ማለት አንዱ ዴክ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል፤ አንቺ መሀል ተቀምጠሽ ሁለት ጣትሽን ሁለት ቁልፍ ላይ አድርገሽ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየሽ ሙሽራዋ ቀለበት ሳታጠልቅ ኬክ ትቆርሳለች። ወደኋላ መመለስ የለም፤ ከመጀመሪያው ትቀጃለሽ።

ጋሽ ወርቅነህ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበራቸው። ሞትን አይፈሩም፤ የሚፈሩት ሰው ሳያጅባቸው መቀበርን ነው። ደሴ የቀሩ ዘመዶቻቸው ወይ ሞተዋል ወይ ረስተዋቸዋል። አርባ ምንጭ ላይ ያላቸው ዘመድ የሰፈሩ ዕድር ነበር። የአንድ ወር መዋጮ አሳልፈው አያውቁም። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ቤቱን ቆልፈው፣ ኮታቸውን ለብሰው ስብሰባ ይሄዳሉ። "መንግሥት ቢወድቅ ሌላ ይመጣል" ይሉኝ ነበር። "ዕድሬ ከተወኝ ግን ማን ይቀብረኛል?"

ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ለመሸጥ ወሰኑ። ገዢው አቶ ምትኩ ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያራግፍ፣ አንድ አይሱዙ ያለው ነጋዴ ነው። በፊቱ "እርስዎ" እለው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ አበባ ሙዝ ሲያራግፍ በቪዲዮ ካሴት የተሠራ ፊልም በየሱቁ ሲሸጥ አየ። ሙዝ ይበሰብሳል፣ ፊልም አይበሰብስም ብሎ አሰበ። የድርጅቱ የንግድ ጥናት ከዚህ አላለፈም።

ውሉ ሲጻፍ ጋሽ ወርቅነህ በዋጋው ብዙም አልተከራከሩም። ድርቅ ያሉት በሦስት ነገር ነው፦ የቤቱ ስም እንዳይቀየር፣ ጓሮ ያለችው ክፍላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንድትቆይላቸው፣ የዕድር መዋጯቸውን ስቱዲዮው በየወሩ እንዲከፍል። አቶ ምትኩ ሦስቱንም ሳያነብ ፈረመ። እኔም ለጋስ ሰው መጣልን ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም ተሾምን። አቶ ምትኩ "ፕሬዚዳንት፣ ደራሲና ዳይሬክተር" ሆነ። ሳሙኤል "የምስል ዳይሬክተር"፣ እኔ "የድኅረ ቀረጻ መምሪያ ኃላፊ"፣ ጋሽ ወርቅነህ "የክብር አማካሪ" ተባልን። ሹመቱ በእንጨት ላይ በቀለም ተጽፎ በየበሩ ተሰቀለ። እኔ በር ስላልነበረኝ የኔን ወንበሬ ጀርባ ላይ ቸነከሩት። ደመወዛችን የድሮው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ክፍሉ ፈርሶ የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሆነ። "ጉርድ ፎቶ ለሰፈር ፎቶ ቤት ነው" አለ አቶ ምትኩ። "እኛ አሁን ፊልም ስቱዲዮ ነን።" የፈተና ምዝገባ ሰሞን ስለነበር በራችን ላይ ሃያ ሠላሳ ተማሪ ተሰልፎ ነበር። ዘበኛው "ፊልም ስቱዲዮ ነው" እያለ መለሳቸው። ሰልፉ ተነስቶ፣ መልኩን እንኳ ሳይቀይር፣ ቁልቁል ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ተፎካካሪያችን ወረደ።

ጋሽ ወርቅነህ ሰልፉን ከጓሮ በር ሆነው አዩት። "እንጀራሽ እየሄደ ነው አስቱ" አሉኝ።

ገንዘብ የመጣው ከባንክ ነው። አይሱዙው፣ ቤቱና የኛ ዴኮች በመያዣነት ተጻፉ። ፕሬዚዳንቱ በብድሩ ጄኔሬተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ አናጢ ሦስት ጊዜ እያፈረሰ የሠራውን ታጣፊ የዳይሬክተር ወንበርና የቆዳ ጃኬት ገዛ። አርባ ምንጭን ለማያውቅ፣ እዚያ የቆዳ ጃኬት መልበስ የራስን ላብ በፈቃድ መጠጣት ነው። ባዶ ካሴት ለመግዛት የተረፈው ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ነበር።

ድርሰቱ የራሱ ታሪክ ነው። አንድ ድሃ ልጅ ሙዝ ተሸክሞ ይጀምራል፣ ባለ መኪና ይሆናል፣ አባቱ ሲሞትበት አገር ሁሉ ይወጣል። ርዕሱን አሥር ጊዜ ያህል ቀያየረው፤ በመጨረሻ ያለ ርዕስ ቀረ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ራሱ ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ ሲጫወትም ራሱ ነው።

ዓባያ ሐይቅ ዳር ጀግናው ከአዞ ጋር የሚታገልበት ትዕይንት ነበረ። አዞውን ሳሙኤል ከሩቅ፣ ከአንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ቀረጸው። ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲንፈራገጥ ቀረጸው። "አስቱ፣ አንቺ አገናኚያቸው" አለኝ። አገናኘኋቸው። አዞው ተኝቷል፣ ሰውዬው ይጮኻል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜም አዞው አልነቃም።

ኅዳር ላይ የአባትየው ለቅሶ ትዕይንት ደረሰ። ድርሰቱ "ሺህ ሕዝብ ያለቅሳል" ይላል። ሳሙኤል ወረቀት አውጥቶ ሠራ፦ መቶ ሰው እንኳ ቢመጣ የቀን አበል አለ፣ ምሳ አለ፣ ከዶርዜ ለሚወርዱት መኪና አለ። ለፕሬዚዳንቱ አሳየው።

አቶ ምትኩ ወረቀቱን አየና ሳቀ። "እዚህ አገር ሰው በነፃ የሚሰበሰበው የት ነው?"

"ለቅሶ ላይ" አለ ሳሙኤል፤ ቀልድ መስሎት ነው።

"እና ለምን እከፍላለሁ?"

የዕድሩ ለፋፊ አንጁሎ ተጠራ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ እየነፋ በየመንደሩ የሚዞረው እሱ ነው። አቶ ምትኩ በድርሰቱ የሚሞተውን አባት ስም ነገረው።

"እሱን አላውቅም" አለ አንጁሎ። "መዝገብ ላይ የለም። አባል ያልሆነ ሰው ጡሩምባ አይነፋለትም።"

አቶ ምትኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተሳስቼ ነው፤ ከሐዘን ብዛት ነው። የሞቱት ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ነገ ጠዋት ንፋ" አለው።

አንጁሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወጣ። ሬሳ ልይ አላለም። ስለ ሞት የሚዋሽ ሰው በዘመኑ ገጥሞት አያውቅም።

እኔ እዚያው ቆሜ ካሴት ላይ ቁጥር እጽፍ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ ማለት እችላለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ትዕይንቱ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት መጓጓቴ ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ለጋሽ ወርቅነህ የተነገራቸው ሌላ ነበር። ሬሳ ሆነው ሩብ ሰዓት ይተኛሉ፤ አልቃሾቹ አበል የተከፈላቸው ተዋናዮች ናቸው ተባሉ። "የክብር አማካሪ ተብዬ ዝም ብዬ ከምቀመጥ አንድ ቀን ልሥራ" ብለው ተስማሙ። ሳጥኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "የተከፈለው ሰው ከልቡ አያለቅስም፤ ለሳሚ ከሩቅ እንዲያነሳ ንገሪው" አሉኝ። ክዳኑ ሥር አየር እንዲገባ ትንሽ እንጨት አስገባሁላቸው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ አለቀ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚሰጠውን ገንዘብ አምጥቶ ለሐዘን ቤቱ ተጠሪ፣ ማለት ለአቶ ምትኩ፣ አስፈርሞ አስረከበ። ፕሬዚዳንቱ ቆጥሮ ፈረመ። ፊልም በገንዘብ የደገፈ ዕድር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። ያገባ ሁሉ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሳ ሁሉ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሁሉ መጣ። ከዶርዜ የወረዱት ሽማግሌዎች ጦርና ጋሻ ይዘው ወዲያ ወዲህ እየሮጡ አለቀሱ፤ ለትልቅ ሰው የሚለቀሰው እንዲያ ነው። ሳሙኤል ጣሪያ ላይ ነው። እኔ ማይክሮፎኑን ረጅም ቀርከሃ ላይ አስሬ ሰው መሀል እዞራለሁ። አንዲት ሴት "የባሌን መልክ ያተረፍክልኝ" እያለች ደረቷን ትመታለች። አንድ ሰው "ፍትሐቱስ?" ሲል አቶ ምትኩ "ቄሱ መንገድ ላይ ናቸው" ይለዋል።

ከዚያ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ቶማ ገቡ። ጋሽ ቶማ ከዶርዜ ወርደው ሴቻ የከተሙ ሸማኔ፣ የጋሽ ወርቅነህ የሃያ ዓመት ጓደኛ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳጥኑ ላይ ወድቀው "ወርቅነህ፣ ለማን ትተኸኝ ሄድክ" አሉ።

ሳጥኑ ተነቃነቀ። ክዳኑ ተነሳ። ጋሽ ወርቅነህ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ቀና አሉ። "ቶማ፣ አለሁ። አታልቅስ፤ ፊልም ነው" አሉ።

አግዳሚው ሁሉ ተገለበጠ። ሰው በበር፣ በአጥር፣ በጎረቤት ጓሮ ወጣ። ጦርና ጋሻው መሬት ላይ ቀረ። በዚህ ሁሉ መሀል ፕሬዚዳንቱ በድምፅ ማጉያ ወደ ጣሪያው "ሳሚ እንዳታቆም፣ ካት አላልኩም" ይላል።

ጋሽ ቶማ አልሮጡም። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጣሪያ ላይ ያለውን ካሜራ አዩ፤ ቀርከሃውን አዩ፤ ቀርከሃውን የያዝኩትን እኔን አዩ።

"አስቱ፣ አንቺም አውቀሽ ነው?"

ማሽኑ ነው ልል አልችልም። "አውቄ ነው" አልኳቸው።

ጋሽ ወርቅነህ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጠው መነጽራቸውን በእጃቸው ይፈልጋሉ። "አልተከፈላቸውም ነበር?" አሉ። መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

እሁድ ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ ምትኩ ተጠርቶ መጣ፤ ጃኬቱን ለብሶ። የወሰደውን ገንዘብ መልስ፣ ይቅርታም ጠይቅ ተባለ። "እኔ የዚህ ዕድር አባል አይደለሁም፣ የነጋዴዎች ዕድር ነኝ። ይልቅ ፊልሙ ሲወጣ ሁላችሁም ትታያላችሁ፤ ሌላ ቦታ ለዚህ ይከፈላል" ብሎ ወጣ።

ለዕድሩ ጥያቄ የቀሩት ጋሽ ወርቅነህ ብቻ ናቸው። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አነበበ፦ ስማቸው ላይ በቀይ ተሰርዟል፣ ገንዘቡ ወጪ ሆኗል፣ ድንኳኑ ወጥቷል፣ ሰው ወጥቷል። በመዝገቡ መሠረት ጋሽ ወርቅነህ ተቀብረዋል። የወሩን መዋጮ ከኪሳቸው አውጥተው ሲዘረጉ ገንዘብ ያዡ ጋሽ ቶማን አየ።

"ሬሳ መዋጮ አይከፍልም" አሉ ጋሽ ቶማ። ፊታቸውን አዙረው ነው ያሉት።

ጋሽ ወርቅነህ ሠላሳ ዓመት የከፈሉለት ለቅሶ ለቪዲዮ ካሴት ዋለ።

ስቱዲዮው ከዚያ በኋላ የቆየው በጉልበት ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ዘጠኝ ሠርግ ተይዞልን ነበር፣ ዘጠኙም ተሰረዘ። አንድ አባት ቀብዱን ሊያስመልስ መጥቶ "ልጄን ድራችሁ ስታበቁ ሙሽራው ተዋናይ ነው እንዳትሉኝ" አለኝ። ዴኮቼን በጨርቅ ስወለውል እውል ነበር። እንደዚያ የሚያበሩ ዴኮች በደቡብ አልነበሩም።

ፊልሙን ግን ጨረስኩ። ከሁሉም ያማረው ለቅሶው ነው። አዞው ይተኛል፣ ጀግናው ይንተባተባል፣ ለቅሶው ላይ ሲደርስ ግን አንጀት ይበላል። ሰው ሁሉ የእውነት ያለቅሳላ። ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት ቆረጥኩት። በሙያዬ ከሠራኋቸው መቁረጦች ንጹሑ እሱ ነው፤ የማፍርበትም እሱ ነው።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በቀበሌ አዳራሽ ታየ። ሰው ለፊልሙ ሳይሆን ራሱን ሊያይ መጣ። አዞው ላይ ሳቁ። ለቅሶው ሲጀምር ሳቁ ቆመ። ያቺ "የባሌን መልክ ያተረፍክልኝ" ያለችው ሴት ራሷን በግድግዳ ሙሉ አየች። ተነሳች፣ ወጣች። ከኋላዋ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ማንም አልተሳደበም፣ ወንበርም አልሰበረም። መብራቱ ሲበራ አዳራሹ ውስጥ እኔ፣ ሳሙኤልና ፕሬዚዳንቱ ነበርን።

"አዲስ አበባ ይወዱታል" አለ ፕሬዚዳንቱ። በማግስቱ ካሴቱን ይዞ፣ አይሱዙውን አስነስቶ ሄደ። አይሱዙው የባንክ መያዣ መሆኑን ያስታወሰው ባንኩ ብቻ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባንኩ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋር መጣ። ካሜራው፣ ዴኮቹ፣ ጄኔሬተሩ፣ ታጣፊው ወንበር ሳይቀር ተጻፈ። ሹመቴ የተቸነከረበት ወንበርም ተጻፈ፤ እንደዚያ ከመምሪያ ኃላፊነት ተነሳሁ። በሩ ታሸገ፣ የጓሮዋ ክፍልም አብራ። ጋሽ ወርቅነህ ውሉን አወጡ። የባንኩ ሰው በትሕትና አነበበላቸውና "አባቴ፣ ይሄ የሚመለከተው ገዢውን ነው" አላቸው። ገዢው የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሻንጣቸውን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ወሰድኳቸው።

የሰኔ የመጀመሪያ እሁድ ኮታቸውን ለብሰው "አስቱ፣ ደግፊኝ" አሉኝ። እግራቸው ማበጥ ጀምሮ ነበር። ዕድሩ ከሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ሲደርሱ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፣ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ተንበረከኩ። በጋሞ ሣር ይዞ በተንበረከከ ሰው ላይ ቁጣ አይቀጥልም። የደሴ ሰው ናቸው፤ ይቅርታ አጠያየቁን ግን ከጎረቤቶቻቸው ተምረውታል።

ጋሽ ቶማ ተነስተው ሣሩን ተቀበሏቸው። "ቂም የለንም። ይቅር ብለናል" አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፦ "ደንብ ግን ደንብ ነው ወርቅነህ። የድሮው አንተ ተቀብረሃል። እንደ አዲስ ትመዘገባለህ። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ከሞተ ዕድሩ አይወጣለትም።"

ጋሽ ወርቅነህ ጉልበታቸውን እያራገፉ "እሞክራለሁ" አሉ።

እንደዚያ ተጠንቅቆ የኖረ ሰው አይቼ አላውቅም። አጥንት እንዳያንቃቸው ዓሣ ተዉ። ወባ እንዳይይዛቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎበር ውስጥ ይገባሉ። አስፋልት አይሻገሩም። ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል፣ ጨው ይቀንሱ ሲላቸው "እስከ ታኅሣሥ ያደርሰኛል?" ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ለምን ታኅሣሥ ብሎ ግራ ተጋባ። እናቴ የምትሠራው አልጫ ጨው የሚባል ሳይነካው ስድስት ወር በላነው፤ እሳቸው ለቀብራቸው፣ እኛ ለይሉኝታ።

እኔ በዚያ ጊዜ ሲቀላ፣ ያው ተፎካካሪያችን ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ አጥባለሁ። ማታ ስገባ መጀመሪያ የማየው የአጎበሩን ከፍ ዝቅ ማለት ነው። እሳቸው ሳይደርሱ ቢቀሩ ዕዳው የኔም መሆኑን አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ደረሰ። በመጀመሪያው እሁድ ሄደው ጸሐፊውን ስማቸውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉ፦ ሙሉ አባል። ሲመለሱ እናቴን "ዛሬ ዓሣ ይጠበስልኝ፣ ጨውም ይግባበት" አሏት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አረፉ። ከደንቡ ዘጠኝ ቀን አሳልፈዋል።

አንጁሎ ጡሩምባውን ይዞ መጣ። ከመንፋቱ በፊት ግን ጓዳ ገባ፣ ጋቢውን ገለጠ፣ ጎንበስ ብሎ ትንፋሽ አዳመጠ። "ይቅርታ እህቴ" አለኝ፤ ወጥቶም ነፋ።

ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ። አራት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እናቴ፣ ቄሱና ድንኳን ተካዮቹ ነን። ሰው ግን መጥቷል። ከመንገዱ ማዶ፣ አጥር ጥግ፣ ኪዮስኩ በር ላይ ቆሟል። ሁሉም ቀና ብሎ የቤታችንን ጣሪያ ያያል፤ ካሜራ ይፈልጋል። እኔ እያለቀስኩ በር ላይ ስወጣ አንዷ ለሌላዋ "አስቱ ደግሞ ተዋናይ ሆነች" ስትል ሰማኋት። ሌላው "ክፍል ሁለት ነው" አለ። ሳሙኤል ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ባዶነቱን እያሳየ ገባ። ማዶ ያሉት እሱንም አላመኑትም። ልንናደድባቸው መብት አልነበረንም።

ጋሽ ቶማ መጡ። ባዶውን አግዳሚ አዩ፣ ማዶ የቆመውን ሰው አዩ። ሳጥኑን ደጅ አውጡት አሉ። ወጣ። "ክፈቱት" አሉ።

እናቴ "ጋሽ ቶማ፣ ነውር ነው" አለች።

"ነውሩ የፊተኛው ነው" አሉ።

ክዳኑን እኔ አንስቼ ያዝኩ። ጋሽ ቶማ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን የጋሽ ወርቅነህ ግንባር ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ማዶው "ኑ። ገብታችሁ እዩ" አሉ።

አንድ በአንድ ገቡ። አንዱ ያያል፣ አንዷ ግንባራቸውን ትነካለች፣ አንዱ ጣሪያውን ደግሞ አይቶ ይመለሳል። ያቺ አዳራሹን ለቃ የወጣችው ሴት ጉንጫቸውን ነካች፤ እጇን ወዲያው አልሰበሰበችም። ክንዴ እስኪዝል ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። የመጨረሻው ሰው ካየ በኋላ ከእጄ ተቀብለው ዘጉት። ጋሽ ቶማ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

"ሞቷል" አሉ። "አሁን አልቅሱ።"

አለቀሱ። ጋሽ ወርቅነህ ሰው አጅቧቸው ተቀበሩ።

አቶ ምትኩ ተመልሶ ምዕራብ ዓባያ የሙዝ ደላላ ሆኗል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኤዲቲንግ ሠርቻለሁ። የለቅሶ ትዕይንት ለምትቀርጹ ወጣት ባልደረቦቼ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ተዋናይ ቅጠሩ፣ ምሳ አብሏቸው፣ አበላቸውን በዕለቱ ክፈሉ። ርካሹ መንገድ እሱ ነው።